ሊደር፦ አንድም መንገደኛ ሳይጎትት የተቆራረጠው የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ

ጉዳዩ ሲጀመር የተጠየቀው ቀላል ነገር ነበር። የእንግሊዝን ደቡባዊ ክፍል ያገለግል የነበረው ሳውዘርን የተባለ የባቡር ኩባንያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ ያረጁ ትንንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን የሚተኩ ማሽኖች አስፈለጉት። ከአሮጌዎቹ መካከል ኤም 7 የሚባሉት ይገኙባቸዋል፤ ከ1897 እስከ 1911 ድረስ 105 ያህል ተሠርተዋል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሥራቸው ዝና የሚያስገኝ አልነበረም። በቅርንጫፍ መስመር ላይ ጥቂት ፉርጎዎችን ይጎትታሉ፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ ባዶ ፉርጎዎችን ወደ ዋተርሉ ጣቢያ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ።

የትራፊክ ክፍሉ የፈለገው ይህንኑ ሥራ በተሻለ ጉልበትና ፍጥነት የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ነው። ያገኘው ግን 20 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን፣ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት፣ ከሩቅ ሲያዩት የናፍጣ ባቡር የሚመስል፣ ውስጡ ሲገቡ ግን ከሰል የሚነድበት ማሽን ሆነ። ስሙ ሊደር ነው። ከታዘዙት 36 ማሽኖች መካከል በሐዲድ ላይ የሄደው አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረ አንድም መንገደኛ ሳይጎትት በ1951 ተቆራርጦ ብረቱ ለቅልጥ ሄደ።

ስለ ሊደር ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። በአንደኛው፣ ጊዜ የከዳው ሊቅ አለ፤ በሁለተኛው፣ ምክር የማይሰማ ግትር መሐንዲስ በሰው ገንዘብ ይጫወታል። ሁለቱም ሰውየውን ይመለከታሉ እንጂ ሥራው የተሠራበትን ቅደም ተከተል አይመለከቱም። በእኔ ግምት ሊደርን የገደለው አዲስ መሆኑ አይደለም። ያልተፈተኑ ሐሳቦች በሙሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ በመከመራቸው፣ ማሽኑ ሲቆም ያቆመው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅና አንዱን አስተካክሎ ወደሚቀጥለው መሻገር አስቸጋሪ ሆነ።

ቡሊድና ሳውዘርን

ኦሊቨር ቡሊድ በ1882 በኒውዚላንድ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ብሪታንያ መጥቶ ሙያውን በዶንካስተር የባቡር ፋብሪካ ተማረ፤ ለብዙ ዓመታትም የናይጅል ግሬዝሊ ረዳት ሆኖ ሠራ። ግሬዝሊ በ1938 በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም 203 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሮጥ የእንፋሎትን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘውን ማላርድን የነደፈ ሰው ነው። ቡሊድ በ1937 የሳውዘርን ዋና መካኒካል መሐንዲስ ሆኖ ሲሾም ዕድሜው ወደ 55 ተጠግቶ ነበር። ሌሎች ስለ ጡረታ በሚያስቡበት ጊዜ እርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሐሳብ የሚያዝበት ወንበር አገኘ።

ወንበሩ ግን የተቀመጠው የእንፋሎት ጉዳይ እምብዛም በማያስጨንቀው ኩባንያ ውስጥ ነው። ሳውዘርን ገንዘቡን የሚያፈሰው በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ነበር። ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ኃይል የሚያገኙ ባቡሮች የለንደንን ዙሪያ ይዘዋል፤ ከ1933 ጀምሮም እስከ ብራይተን ድረስ ይሄዳሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የእንፋሎት መሐንዲስ መሆን ከኤሌክትሪክ ጋር በየቀኑ መነጻጸር ማለት ነው፤ ንጽጽሩም ያሳፍራል። የኤሌክትሪኩ ባቡር ማብሪያው ሲነካ ይነሣል፤ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ነጂው በእግሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ይመለሳል። የእንፋሎቱ ከመነሣቱ በፊት ለሰዓታት እሳት ይነድለታል፤ አመዱ ይጠረጋል፤ በየመገጣጠሚያው ዘይት ይንቆረቆርለታል፤ ፊቱን ለማዞርም ልዩ መዞሪያ ይፈልጋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ይህን ቆሻሻና አድካሚ ሥራ የሚሠራ ወጣት ማግኘት እየከበደ መጣ።

ቡሊድ ይህን ችግር አጥርቶ አየው። ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ እንፋሎት በነበረበት ይቀጥላል ብለው ሲያስቡ፣ እርሱ እንፋሎት የኤሌክትሪክን ጠባይ ካልተማረ ቀኑ እንደተቆጠረ ገባው። ለዚህ ነው የግትሩ ሰው ወሬ የማያረካኝ። ምርመራው ልክ ነበር፤ ችግር የመጣው በመድኃኒቱ በኩል ነው።

የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ጠብታ በ1941 ታይቷል። በጦርነት ጊዜ የፈጣን መንገደኛ ባቡር ሎኮሞቲቭ መሥራት የማይፈቀድ ስለነበር፣ ቡሊድ መርቸንት ኔቪ የተባሉትን ታላላቅ ማሽኖች ለጭነትም ለሰውም የሚሆኑ ናቸው ብሎ አስፈቀደ። ዘዴው ያስቃል፤ ማሽኖቹ ግን ቦይለራቸው፣ ማለትም ውኃው ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ጋን፣ ግሩም ነበር። እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ቫልቭ እንቅስቃሴ የሚቆጣጠሩት ሰንሰለቶች በታሸገ የዘይት ገንዳ ውስጥ ይዞሩ ነበር፤ ዓላማው ማንም ሰው ዘይት እየያዘ በማሽኑ ሥር እንዳይሽሎከለክ ነው። በሥራ ላይ ሰንሰለቶቹ ለቀቁ፤ ማሸጊያው አልያዘ ብሎ ዘይቱ በሐዲዱ ላይ ተንጠባጠበ፤ የቦይለሩን ልባስ ሲያርሰውም አንዳንዴ እሳት ተነሣ። ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ስለሚያስደስት ሰዎች ታገሡአቸው። ቡሊድም ከዚህ የወሰደው ትምህርት የሚመስለኝ፣ ጥሩ ቦይለር ካለ የቀረው ኃጢአት ይሰረያል የሚል ነው።

ማሽኑ

የሊደርን አካል ከሥር ጀምሮ ማየት ይሻላል። ሁለት ባለ ስድስት መንኮራኩር ቦጊዎች፣ ማለትም በማሽኑ ሥር መንኮራኩሮቹን የሚይዙ ዟሪ ክፈፎች፣ አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሲሊንደሮች ተቀምጠዋል። ዝም ብሎ ክብደት ብቻ የሚሸከም መንኮራኩር የለም፤ ሁሉም ይገፋል። በሁለቱም ጫፍ የነጂ ጋቢና ስላለ መዞሪያ አያስፈልገውም። ይህ ቅርጽ ዛሬ በየአገሩ የምናየው የናፍጣና የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቅርጽ ነው። ሳውዘርን ራሱ በ1941 እንዲህ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሠርቶ ስለነበር፣ ቡሊድ ሐሳቡን ከደመና አላወረደውም። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አላይም።

ከዚህ በኋላ ግን አዳዲሶቹ ነገሮች ይደራረባሉ። መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው እንደ ወትሮው በውጭ የሚታይ የብረት ዘንግ ሳይሆን በዘይት ውስጥ የሚዞር ሰንሰለት ነው። የሲሊንደሮቹ ኃይል በመካከለኛው አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ መንኮራኩር በተተከሉበት ብረት፣ ላይ ያርፍና ከዚያ በሰንሰለት ወደ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ይተላለፋል። ወደ ፊት የሚሄደው ሰንሰለት በአንዱ ጎን፣ ወደ ኋላ የሚሄደው በሌላው ጎን ሆነ። በወረቀት ላይ ቦታ ይቆጥባል፤ በሐዲድ ላይ ግን መካከለኛውን አክስል ሚዛኑ በማይገጥም ኃይል ይጠመዝዘዋል።

ቫልቩም ሌላ ነው። ቡሊድ በዘመኑ በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ ስሙ የገነነውን ስሊቭ ቫልቭ መረጠ። ይህ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል እንደ እጅጌ የሚገባ ቱቦ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ ጥቂትም እየዞረ፣ እንፋሎቱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በአውሮፕላን ውስጥ ሞተሩ በጥንቃቄ በተመጠነ ዘይትና ሙቀት ይሠራል። በሎኮሞቲቭ ውስጥ ግን ቱቦው ቀዝቃዛ ሆኖ ያድርና ጠዋት እጅግ የጋለ እንፋሎት ይለቀቅበታል። ብረቱ ሲለጠጥ ቱቦው ይነክሳል፤ ዙሪያውን የሚያሽጉት ፋሻዎች ይሰበራሉ፤ ከዚያ እንፋሎቱ ሥራ ሳይሠራ ሾልኮ ይወጣል።

ወደ እሳቱ እንምጣ። በተለመደው ሎኮሞቲቭ የእሳት ምድጃው ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ነው፤ ውኃው ግድግዳውን ከመቃጠል ይጠብቀዋል፣ እሳቱም ውኃውን ያፈላል። ይህ ግድግዳ በብዙ ብሎኖች የተያዘ ስለሆነ ጥገናው ያሰለቻል። ቡሊድ ውኃውን ከግድግዳው አስወጥቶ በቦታው የእሳት ጡብ ደረደረ፤ ውኃውን ደግሞ በምድጃው ውስጥ በሚያልፉ አራት የብረት አንገቶች አሳለፈው። ጡቦቹ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ተሰንጥቀው ወደ እሳቱ ወደቁ። እንዲጠነክሩ ወፍራም ጡቦች ሲገቡ ደግሞ እሳቱ የሚነድበት ቦታ ጠበበ፤ ስለዚህ በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ከሰል በኃይል መንደድ ነበረበት፤ ያልተቃጠለ ፍንጣሪም ወደ ጭስ ክፍሉ ተሳበ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመተላለፊያው ነገር ነው። ከአንዱ ጋቢና ወደ ሌላው የሚወስድ መተላለፊያ እንዲኖር ሲባል ቦይለሩ ከመሃል ተነሥቶ ወደ አንድ ጎን ተገፋ። ያን የሚያህል ብረትና ውኃ ከመሃል ሲወጣ ማሽኑ ወደ አንድ ወገን እንደሚያጋድል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መፍትሔ ተብሎ የተደረገው በመተላለፊያው በኩል ቁርጥራጭ ብረት መጫን ነው። ሰው እንዲያልፍበት የተሠራው ቦታ በብረት ተሞላ፤ ከታሰበው በላይ የከበደው ማሽንም ጨርሶ ከበደ። እንዲህ የከበደ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ደካማ ድልድይ ባላቸው ቅርንጫፍ መስመሮች ላይ እንደ ልብ መሄድ አይችልም። መጀመሪያ የተፈለገው ለእነዚያ መስመሮች መሆኑን ልብ ይሏል።

በመጨረሻም እሳት አንዳጁ። በሌሎች ሎኮሞቲቮች ላይ ነጂውና እሳት አንዳጁ ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ፤ ነፋስም ያገኛሉ። በሊደር ላይ እሳት አንዳጁ ብቻውን በማሽኑ ወገብ ላይ፣ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከምድጃው አፍ ፊት ቆሟል። ሙቀቱ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርስ ነበር። ማሽኑ በበሩ ወገን ቢገለበጥ መውጫ የለውም የሚለው ስጋት ሠራተኞቹን አሳሰባቸው፤ ልክም ነበሩ። በጭስ ክፍሉ በኩል ያለው ጋቢናም ለነጂው የሚያቃጥል ሆነ። ሥራውን ንጹሕና ቀላል ለማድረግ የተነሣ ንድፍ፣ አካፋ በያዘው ሰው ላይ ከአሮጌዎቹ የባሰ ጨከነ።

ምድጃው በነዳጅ ዘይት ቢሠራ ኖሮ ያ ሰው እዚያ መቆም ባላስፈለገው ነበር። ሐሳቡም ከዘመኑ የራቀ አልነበረም፤ መንግሥት በ1946 የከሰል እጥረትን ለማቃለል ሎኮሞቲቮችን ወደ ዘይት የመለወጥ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዘይቱን የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ አጠረውና ዕቅዱን ተወው። ሊደር ከከሰሉ ጋር ቀረ።

ትእዛዙና ሙከራው

የሳውዘርን ዳይሬክተሮች በሴፕቴምበር 1946 አምስት ሊደሮች እንዲሠሩ ፈቀዱ። ሥራው በብራይተን ፋብሪካ በ1947 ተጀመረ። የመጀመሪያው ማሽን አንድ ስንዝር እንኳ ሳይንቀሳቀስ፣ በዚያው ዓመት ሌሎች 31 ታዘዙ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ለችኮላው ምክንያት አለ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ የአገሪቱ የባቡር ኩባንያዎች በመንግሥት ይወረሳሉ። ያን ጊዜ ለቡሊድ እሺ የሚለው የሳውዘርን ቦርድ አይኖርም፤ የታዘዘ ነገር ግን ለመሰረዝ ይከብዳል። 31ዱ ለማንኛውም በአዲሱ አስተዳደር ተሰርዘዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቡሊድ አስቀድሞ ምንም አልሞከረም ማለት አይቻልም። ሃርትላንድ ፖይንት የሚባል አሮጌ ሎኮሞቲቭ ወስዶ ስሊቭ ቫልቭ ገጠመለትና ከ1947 መጨረሻ ጀምሮ በሐዲድ ላይ አስፈተነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር፤ አንድ አዲስ ነገር፣ አንድ የታወቀ ማሽን፣ ከዚያም ውጤቱን መመልከት። ችግሩ በዚያ ሰዓት የሊደሮቹ ብረት በብራይተን እየተቆረጠና እየተበየደ መሆኑ ነው። የሙከራው ውጤት ምንም ይሁን ምን ንድፉን ለመለወጥ ዘግይቷል። ሙከራ የሚጠቅመው መልሱን የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው፤ እዚህ ግን የሚጠብቅ አልነበረም። ሰንሰለቱን ለብቻ፣ ጡቡን ለብቻ፣ የእሳት አንዳጁን ክፍል ለብቻ የሞከረ ደግሞ ጭራሽ የለም። የእሳት አንዳጁን ክፍል እኮ በእንጨትና በሸራ ቀልሶ አንድ ሰው ከምድጃ ፊት ለሁለት ሰዓት አካፋ ይዞ እንዲሠራ ማድረግ በቂ ነበር።

36001 የሚል ቁጥር የተሰጠው የመጀመሪያው ሊደር በጁን 1949 ከፋብሪካ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመውጣትና የመመለስ ታሪክ ነው። ይወጣል፣ አንድ ነገር ይሰበራል፣ ተጎትቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የቫልቭ ፋሻ፣ አንድ ጊዜ ጡብ፣ ሌላ ጊዜ እንፋሎት አልበቃ ማለት። በኋላም መካከለኛው አክስል ተሰበረ፤ ያን እኩል ያልሆነ የሰንሰለት ጉተታ ላስተዋለ ሰው ይህ ብዙ የሚያስደንቅ አልነበረም። ጥሩ የሄደባቸው ቀናትም አሉ፤ አካሄዱ የተረጋጋ እንደነበር የመሰከሩለት አሉ። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ በአንድ ቀን ከባድ ባቡር ስቦ ዳገት ይወጣል፣ በማግስቱ በሜዳ ላይ እንፋሎቱ ያልቅበታል።

ቡሊድ በዚህ መካከል ሄደ። በ1949 ወደ አየርላንድ የባቡር መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ማሽኑን ለሌሎች ተወላቸው። ቴክኒካዊውን ጣጣ በብራይተን የተረከበው ሮን ጃርቪስ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1950 ሙከራው ወደ ኢስትሌይ ተዛወረና ጉልበትና ፍጆታ የሚለካ መሣሪያ የተጫነበት ፉርጎ ተቀጥሎለት ከአንድ ተራ የሳውዘርን ሎኮሞቲቭ ጋር ተወዳደረ። ተወዳዳሪው ዩ የሚባለው መደብ አባል ሲሆን ቁጥሩ 31618 ነው፤ ስለ ንድፉ ማንም ግጥም አይጽፍለትም። ለተመሳሳይ ሥራ ሊደር ከእርሱ እጅግ የበለጠ ከሰልና ውኃ ፈጀ። በኖቬምበር 1950 ግን፣ ልክ የመጨረሻው ውሳኔ ሲጠበቅ፣ ከ400 ቶን በላይ ስቦ በደንብ ሄደ።

ውሳኔው

በመንግሥት በተያዘው ድርጅት ውስጥ የሎኮሞቲቭ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሪድልስ ነው። ሪድልስ የቡሊድ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁሉ ነገር በውጭ የሚታይ፣ ማንኛውም ጋራዥ የሚጠግነው ማሽን ይወዳል። ነገር ግን ሊደርን በጥላቻ ገደለው የሚለውን አልቀበልም፤ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሙከራው እንዲቀጥል ፈቅዷል። በኖቬምበር 1950 ባቀረበው ሪፖርት ማሽኑን ለማዳን ሰንሰለቱን፣ ቫልቩን፣ ምድጃውን፣ የቦይለሩን አቀማመጥና የእሳት አንዳጁን ክፍል መለወጥ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ሆነ። ይህ ሁሉ ከተለወጠ የሚቀረው ቆርቆሮው ነው። 36002 ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ 36003 ከእርሱ ኋላ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ገና በቁርጥራጭ ደረጃ ላይ ነበሩ። በ1951 አምስቱም ፈርሰው አለቁ።

ሕዝቡ ስለ ነገሩ የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1953 ሰንደይ ዲስፓች የተባለው ጋዜጣ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ባከነ ብሎ ጻፈ። በሒሳብ መዝገብ የተያዘው ወጪ 178,865 ፓውንድ ነበር። ጋዜጣው አጋነነ፤ ድርጅቱም ቢሆን ነገሩን አስቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ለማጋነን ቦታ ባልተገኘ ነበር።

የቅርንጫፍ መስመሮቹ ሥራስ? ብራይተን ፋብሪካ በ1950 እና 1951 ከሌላ ኩባንያ በተወረሰ ንድፍ 41 ተራ ሎኮሞቲቮችን ሠራ። ወዲያው ከእነርሱ የተወለደውን፣ ስታንዳርድ 4 ተብሎ የሚታወቀውን መደብ ጀመረ። ከ1951 እስከ 1957 ከተሠሩት 155 መካከል 130ዎቹ የብራይተን ናቸው። አንድም የሚያስደንቅ ነገር የላቸውም፤ ሥራቸውን ግን ሠሩ፤ 15ቱ ዛሬም አሉ። አዛውንቶቹ ኤም 7ዎችም ቢሆኑ የመጨረሻዎቹ ከሥራ የወጡት በ1964 ነው፤ ሊደር ከተቆራረጠ ከ13 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

የቡሊድ ቀደምት ሎኮሞቲቮች ዕጣም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሊደርን ሲፈትን የቆየው ጃርቪስ ከ1956 ጀምሮ የመርቸንት ኔቪዎቹን ሁሉ፣ 30ዎቹንም፣ እንዲሁም በተመሳሳይ ንድፍ ከተሠሩት ቀለል ያሉ ታናናሾቻቸው 60ዎቹን አሻሽሎ እንደገና እንዲሠሩ ያደረገውን ንድፍ አወጣ። ሰንሰለቱንና የዘይት ገንዳውን አውጥቶ ጣለ፤ ቦይለሩን አልነካውም። ውጤቱ ከእንግሊዝ ምርጥ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መካከል የሚቆጠር ሆነ። የቡሊድን መልካም ሐሳብ ከመጥፎው ለይቶ ማውጣት ይቻል እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ በሊደር ላይ ግን ሁሉም እርስ በርስ ተቆላልፎ ስለነበር አንዱን መዝዞ ሌላውን ማትረፍ አልተቻለም።

የናፍጣው ታሪክ ደግሞ የባሰ ያስገርማል። ሳውዘርን በቡሊድ ዘመን ያቀዳቸው የናፍጣ ሎኮሞቲቮችም ነበሩ፤ የመጀመሪያው 10201 በአሽፎርድ ፋብሪካ ተሠርቶ በ1950 መጨረሻ፣ ሊደር ሊሰረዝ በተቃረበበት ሰሞን ወጣ። ሁለት ጋቢና፣ ሁለት ቦጊ፣ መዞሪያ የማይፈልግ። ሊደር በእንፋሎት ሊሆን የፈለገውን ሁሉ ነበረው። ኋላ በብሪታንያ በብዛት የተሠሩ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከእርሱና ከወንድሞቹ ብዙ ወስደዋል።

ቡሊድ ራሱ ተስፋ አልቆረጠም። አየርላንድ ብዙ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ከረግረግ የሚቆፈር፣ ደርቆ የሚነድ አፈር ግን ሞልቷታል። ይህን የሚያነድ ሎኮሞቲቭ ነድፎ በ1957 አወጣው። እንደገና ሁለት ባለ ስድስት መንኮራኩር ቦጊዎች፣ እንደገና ሰንሰለት። በዚህኛው ቦይለሩ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ስሊቭ ቫልቭም የለውም። ማሽኑ ሠራ፣ ተፈተነ፣ ጥቂትም ጎተተ። የአየርላንድ የባቡር መሥሪያ ቤት ግን በዚያን ጊዜ የናፍጣ ሎኮሞቲቮቹን ገዝቶ ስለነበር ሁለተኛ አላዘዘም። ቡሊድ በ1958 ጡረታ ወጣ።